«ለወደፊት የተያዙ» ቢቶች፦ ሊኑክስ 2.4፣ አንድ የከርነል አማራጭና የማይከፈቱት ድረ ገጾች

ሊኑክስ 2.4.0 የተለቀቀው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2001 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የ2.2 ዝርያ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የመጣ ስለሆነ ብዙ ሰው በጉጉት ይጠብቀው ነበር። ያኔ ከርነልን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ በገዛ እጅ መገንባት ብርቅ አልነበረም። ምንጭ ኮዱ ይወርዳል፣ የምርጫ ዝርዝሩ ተከፍቶ የሚያስፈልገው አንድ በአንድ ይመረጣል፣ ኮምፓይል ይደረጋል፣ ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣል።

ማሽኑ ተነሣ። ኔትዎርኩም ይሠራል። ፒንግ ይመልሳል፣ የድረ ገጽ ስም ወደ አድራሻ ይተረጎማል፣ አብዛኛው ገጽ እንደ ወትሮው ይከፈታል። ጥቂቶቹ ግን አሻፈረን አሉ። አንዳንዱ ገና ሲነካ ግንኙነቱ ተቀባይነት እንዳላገኘ ይናገራል። ሌላው ጭራሽ ድምፁን ያጠፋል፤ ብራውዘሩ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲጠብቅ ይቆይና ጊዜው አለፈ ብሎ ይተወዋል። ከማይከፈቱት መካከል በዚያ ዘመን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚጠቀምባቸው ነበሩ። ከጎን ያለው የዊንዶውስ ኮምፒውተር በዚያው መስመር፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ገጽ ያለ ችግር ይከፍታል። ያው የሊኑክስ ማሽን በአሮጌው 2.2 ከርነል ሲነሣም ይከፍታል።

ማንም ቢሆን ከዚህ ተነሥቶ አዲሱ ከርነል ችግር አለበት ብሎ ይደመድማል። ብዙዎች ያሉትም ይህንኑ ነው። ድምዳሜው ግን ስሕተት ነበር። ከርነሉ የሚልከው ፓኬት፣ ማለትም በኔትዎርክ የሚጓዘው የመረጃ ጥቅል፣ አንድም ጉድለት አልነበረበትም፤ ጉድለቱ ያለው መንገድ ላይ ነበር። እኔ ኔትዎርክ የማዋቀር ሥራ ላይ ከገባሁ ጀምሮ ደጋግሜ የምመለስበት ጉዳይ ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንድን የከርነል አማራጭ ማብራትና ማጥፋት ምን ያህል የሌሎች ሰዎችን ዕቃ እንደሚነካ እንደዚህ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ሌላ አላገኘሁም።

የምርጫ ዝርዝሩ ላይ ያለችው መስመር

በ2.4 የምርጫ ዝርዝር ውስጥ የኔትዎርክ አማራጮች የሚል ክፍል አለ። እዚያ ቲሲፒ/አይፒ (ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የሚነጋገሩባቸው ደንቦች) የሚለው ሲበራ ከሥሩ ብዙ መስመር ይዘረገፋል፦ መልቲካስት፣ የረቀቀ ራውቲንግ፣ ተነሎች፣ ሌላም ሌላም። ወደ ታች ሲወረድ «የቲሲፒ ግልጽ የመጨናነቅ ማስታወቂያ» ብለን ልንተረጉመው የምንችል መስመር ይገኛል፤ ምህጻሩ ኢሲኤን ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሲንኩኪ የተባለው መከላከያ አለ።

እነዚህ ሁለት ጎረቤት መስመሮች አንድ ዓይነት ይምሰሉ እንጂ ባሕርያቸው ይለያያል። ሲንኩኪ ኮምፓይል ተደርጎ ቢገባም በራሱ አይሠራም፤ ከፈለግከው ማሽኑ ከተነሣ በኋላ የከርነሉ ቅንብሮች በሚታዩበት ፕሮክ በተባለው ማውጫ ሥር ያለችውን ትንሽ ፋይል ወደ 1 መቀየር ይኖርብሃል፤ ይህም በመስመሩ ላይ ተጽፏል። ኢሲኤን ግን «አዎ» ከተባለ ያኔውኑ በርቶ ነው የሚነሣው። በኮዱ ውስጥ አማራጩ ከተመረጠ የተለዋዋጩ መነሻ ዋጋ 1፣ ካልተመረጠ 0 ነበር። እንግዲህ «ይግባ ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» በሚል ስሜት ዝርዝሩ ላይ ያገኘውን ሁሉ «አዎ» እያለ የወረደ ሰው፣ ሳያውቀው ከማሽኑ የሚወጣውን እያንዳንዱን የቲሲፒ ግንኙነት መልክ ቀየረ።

የማብራሪያው ጽሑፍ ይህን አልደበቀም። በኢንተርኔት ላይ ኢሲኤን የበራላቸውን ማሽኖች የማያስገቡ ብዙ የተበላሹ ፋየርዎሎች (ወደ ኔትዎርክ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠሩ በረኞች) እንዳሉ፣ ከእነሱም አንዳንዶቹ የትልልቅ ድረ ገጾች እንደሆኑ፣ እነሱ እስኪስተካከሉ ድረስ አማራጩን ማጥፋት ግድ እንደሚሆን ይናገራል። ግን ማብራሪያውን ማን ከፍቶ ያነባል? በመቶዎች ከሚቆጠሩ መስመሮች መካከል የአንዷን ማብራሪያ የሚከፍት ሰው ጥቂት ነው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ችግሩ ከደረሰበት በኋላ ለሚፈልገው ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

ኢሲኤን ምን ሊያደርግ መጣ

ራውተር፣ ማለትም ፓኬቶችን ወደ መድረሻቸው የሚመራው ዕቃ፣ ከሚያስተላልፈው በላይ ሲመጣበት ፓኬቶቹን ወረፋ ያስይዛቸዋል። ወረፋው ሲሞላ የሚመጣውን ይጥላል። ቲሲፒ መንገዱ መጨናነቁን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነበር፦ የላከው ሲጠፋ። ጠፍቶ ከተገኘ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የጠፋውንም እንደገና ይልካል። ይህ ማለት መልእክቱ የሚደርሰው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው ማለት ነው። ሰፊ መስመር ላይ ለተቀመጠ ሰው ጉዳዩ ያን ያህል አይደለም። መስመሩ ጠባብና ሩቅ ለሆነበት ግን አንድ የጠፋ ፓኬት ገጹን ለሰከንዶች ያቆመዋል፤ በተለይ የጠፋው የመጨረሻው ፓኬት ከሆነ።

ኢሲኤን የእኛው ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን በፓኬት ላይ የመፈጸም ሐሳብ ነው። ወረፋው መርዘም ሲጀምር ራውተሩ ፓኬቱን በመጣል ፈንታ በላዩ ላይ ምልክት አድርጎበት ያሳልፈዋል። ተቀባዩ ምልክቱን ያይና ለላኪው ይነግረዋል። ላኪው ፓኬት የጠፋበት ያህል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የጠፋ ግን የለም። ሐሳቡ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ራማክሪሽናንና ራጅ ጄይን በ1988 መጨናነቅን በአንድ ቢት (0 ወይም 1 በሚይዝ ቦታ) የማሳወቅን ዘዴ አሳትመው ነበር። ሳሊ ፍሎይድ በ1994 ቲሲፒ ይህን እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል መረመረች። ራማክሪሽናንና ፍሎይድ በጃንዋሪ 1999 አርኤፍሲ 2481 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር የሚጻፍባቸው ሰነዶች መጠሪያ ነው) ብለው የሙከራ ዝርዝር አወጡ፤ በሴፕቴምበር 2001 ደግሞ ዴቪድ ብላክ ተጨምሮበት አርኤፍሲ 3168 ሆኖ ወደ መደበኛነት መንገድ ገባ።

ምልክቱ የሚቀመጥበት ቦታ አዲስ አልተሠራም፤ ከነበረው ተወሰደ። በአይፒ ራስጌ (በፓኬቱ መጀመሪያ ላይ ባለው የቁጥጥር መረጃ) ላይ የአገልግሎት ዓይነት ከሚባለው ባይት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቢቶች ለራውተሩ ተሰጡ። በቲሲፒ ራስጌ ላይ ደግሞ ለወደፊት ተይዘው ከነበሩት ስድስት ቢቶች ሁለቱ ተወሰዱ። አንደኛው ኢሲኢ ይባላል፤ ተቀባዩ «መንገዱ ተጨናንቋል» ብሎ የሚመልስበት ነው። ሁለተኛው ሲደብሊውአር ነው፤ ላኪው «ሰምቻለሁ፣ ቀንሻለሁ» የሚልበት። ግንኙነቱ ሲጀመር የሚላከው የመጀመሪያው ፓኬት፣ ማለትም ሲን፣ ሁለቱንም አብርቶ ይሄዳል፤ ትርጉሙም «ኢሲኤን እችላለሁ፤ አንተስ?» ነው። የሚችል ሰርቨር በመልሱ ፓኬት፣ በሲንአክ ላይ፣ ኢሲኢን ብቻ አብርቶ ይመልሳል። የማይችል ሁለቱንም አጥፍቶ ይመልሳል፤ ግንኙነቱም እንደ ድሮው ይቀጥላል። በወረቀት ላይ ማንንም የማይጎዳ ንድፍ ነበር።

ሽቦው ላይ የሚታየው

ከጥንቱ ከርነል የሚወጣው ሲን የባንዲራዎቹ (የምልክት ቢቶቹ) ባይት 00000010 ነው፤ ሲን የሚባለው ቢት ብቻ በርቷል። ኢሲኤን ካበራው 2.4 የሚወጣው 11000010 ነው። ጠቅላላ ልዩነቱ ይኸው ነው፦ በስተግራ ያሉት ሁለት ቢቶች።

ይህ ፓኬት አንዳንድ ፋየርዎል ጋ ሲደርስ ከሁለት አንዱ ያጋጥመዋል። አንደኛው፣ ፋየርዎሉ ሪሴት የተባለውን የ«አልቀበልም» መልእክት ይመልስለታል። ከርነሉ ሪሴት ሲያይ በሩ ተዘግቷል ብሎ ወዲያው ለብራውዘሩ ይናገራል። ሁለተኛው፣ ፋየርዎሉ ፓኬቱን ጥሎ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ከርነሉ 3 ሰከንድ ጠብቆ ያንኑ ሲን እንደገና ይልካል፤ ቀጥሎ 6፣ 12፣ 24፣ 48 ሰከንድ እየጠበቀ ይደግማል፤ ከመጨረሻው በኋላ 96 ሰከንድ ይጠብቅና ተስፋ ይቆርጣል። ድምሩ 189 ሰከንድ ነው። «ሦስት ደቂቃ ያህል» ያልኩት ይህን ነው። በእነዚህ 189 ሰከንዶች ውስጥ ከርነሉ ስድስት ጊዜ አንዱን ፓኬት፣ በዚያው ቀለም፣ ለዚያው የማይሰማ በረኛ ያቀርባል።

በዓይኔ ለማየት ስል ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖችን በአንድ መስመር ደርድሬ መካከለኛው ላይ ኢሲኢ የበራበትን ሲን የሚጥል ሕግ ጽፌ ነበር። በዛሬው ከርነል ነገሩ የተለየ መልክ አለው። ፓኬት ማያው መሣሪያ መጀመሪያ ኤስ፣ ኢ፣ ደብሊው የሚሉ ፊደሎች (ሲን፣ ኢሲኢና ሲደብሊውአር መብራታቸውን የሚያሳዩ) ያሉበትን ሲን አሳየኝ፤ አንድ ሰከንድ ዝምታ፤ ከዚያ ኤስ ብቻ ያለበት ሲን ወጣ፣ ግንኙነቱም ተከፈተ። ከርነሉ በሁለተኛው ሙከራ ቢቶቹን ራሱ አጠፋቸው። ሕጉን ቀይሬ ሪሴት እንዲመልስ ሳደርገው ግን ያ ዘዴ አልሠራም፤ በሩ ወዲያው ተዘጋ። ይህ ልዩነት ኋላ የሚመጣውን ክርክር ለመረዳት ይጠቅማል።

ፋየርዎሎቹ ለምን እንዲህ ሆኑ

የቲሲፒ መሠረታዊ ሰነድ የሆነው የሴፕቴምበር 1981 አርኤፍሲ 793 ስለ እነዚያ ስድስት ቢቶች የሚለው በጣም አጭር ነው፦ ለወደፊት ጥቅም የተያዙ ናቸው፤ ዜሮ መሆን አለባቸው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ለላኪ የተጻፈ ነው ብሎ ያነበበ ሰው «እኔ ዜሮ አድርጌ እልካለሁ፤ ሌላው ያበራውን ግን አላይም» ይላል። ለተቆጣጣሪ የተጻፈ ነው ብሎ ያነበበው ደግሞ «ዜሮ ያልሆነ ሁሉ ሕገ ወጥ ነው» ይላል። የመጀመሪያው «ለወደፊት የተያዙ» የሚለውን አጥብቆ ያዘ፤ ሁለተኛው «ዜሮ መሆን አለባቸው» የሚለውን።

ፋየርዎል ሠሪዎቹ ያለ ምክንያት አልፈሩም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኬሶ የተባለ መሣሪያ ነበር፤ ሥራው ከሩቅ ሆኖ አንድ ማሽን በምን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደሚሠራ ማወቅ ነው። ከዘዴዎቹ አንዱ ከእነዚህ የተያዙ ቢቶች በአንዱ ላይ ምልክት አድርጎ ሲን መላክ ነበር። ከ2.0.35 በፊት የነበሩት የሊኑክስ ከርነሎች ቢቷን ሳያጠፉ ስለሚመልሱ ማንነታቸው ይታወቅ ነበር። ኤንማፕ የተባለው የኔትዎርክ መመርመሪያም ይህን ዘዴ ወሰደው። ለፋየርዎል ባለሙያ እንግዲህ በ1998 የተያዘ ቢት የበራበት ሲን ማለት ቤቱን ሊያጠና የመጣ ሰው ማለት ነበር። ዘጋው። የሚቀጥለው ዓመት በጃንዋሪ አርኤፍሲ 2481 ወጥቶ እነዚያን ቢቶች ሕጋዊ ሥራ ሰጣቸው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ትእዛዝ ግን ማን ይቀይረው?

ትእዛዝ ከተለጠፈ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ በራሴ ሥራ አይቻለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ፋየርዎል ስረከብ የተያዙ ቢቶች የበሩበትን ፓኬት ሁሉ የምትጥል አንዲት መስመር አገኘሁ። ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመት የያዙትን ትልቅ ሰው ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን መስመር ለምን ብለው ነው የጻፏት?»

«እኔ አልጻፍኳትም ልጄ። ስረከብ እዚያው ነበረች። ነካክቼ የሚሠራውን ከማበላሽ ብዬ ተውኳት።»

ሰውየው ጠንቃቃ ነበሩ እንጂ ሰነፍ አልነበሩም። እኔም ብሆን ኢሲኤንን ባላውቅ ኖሮ እተዋት ነበር። አንድ መስመር ከጻፋት ሰው ዕድሜ በላይ የምትኖረው በዚህ መንገድ ነው፤ በ2001ም በሺህ የሚቆጠሩ በሮች ላይ የነበረው ይኸው ይመስለኛል።

ማን ይክፈል?

ችግሩ ሲታወቅ ከከርነል ገንቢዎቹ ፊት የተቀመጡት መንገዶች ጥቂት ነበሩ። ተጠቃሚው ኢሲኤንን ያጥፋው፤ ይህ ቀላል ነው፣ ግን ሁሉም ካጠፋው ኢሲኤን ሞተ ማለት ነው። ከርነሉ ራሱ ብልጥ ይሁን፤ መጀመሪያ በኢሲኤን ይሞክር፣ ካልሆነ ያለ ኢሲኤን ይድገም። ወይም ከርነሉ ቦታውን ይያዝ፣ የተበላሹት ፋየርዎሎች ይስተካከሉ።

የሊኑክስ ኔትዎርክ ክፍል ኃላፊ የነበረው ዴቪድ ሚለር የመጨረሻውን ያዘ። ይህን በቃል ብቻ አልተወውም፤ የከርነል ገንቢዎች የሚላላኩበትን የኢሜይል ዝርዝር የሚያሠራጨው ማሽን ላይ፣ አስቀድሞ አስጠንቅቆ፣ በ2001 ኢሲኤንን አበራ። የኢሜይል ሰርቨራቸው ከተበላሸ ፋየርዎል ጀርባ ያለ ሰዎች መልእክት መቀበል ተቋረጠባቸው። ተቆጡ። ለቁጣቸው የነበረው መልስ ለፋየርዎላችሁ ባለቤት ንገሩ የሚል ነበር።

ለዚህ አቋም ጠንካራ ምክንያት አለ። ሪሴት የሚባለው ነገር በቲሲፒ ውስጥ ትርጉም አለው፦ እዚያ በኩል ያለው አካል አልቀበልም ብሏል። ከርነሉ ሪሴት እየተመለሰለት «ምናልባት ቢቶቹን ጠልቶ ይሆናል» ብሎ ሌላ ሙከራ የሚጨምር ከሆነ፣ በእውነት የተዘጋ በር ሁሉ ሁለት ጊዜ ይንኳኳል፤ ፋየርዎል ሠሪውም መቼም አያስተካክለውም፣ ምክንያቱም ጉድለቱ ለማንም አይታይም። ሳሊ ፍሎይድ በኦገስት 2002 በአርኤፍሲ 3360 ላይ የከሰሰችውም ይህንኑ የሪሴት አጠቃቀም ነው፤ ስለ ተያዙ ቢቶች ሲባል ሪሴት መመለስ ተገቢ አይደለም ብላ ጻፈች። መካከል ላይ ያለ ዕቃ በሰርቨሩ ስም ሪሴት ሲልክ ደንበኛው ሰርቨሩ ራሱ የመለሰለት ይመስለዋል፤ ማን እንደከለከለው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አርኤፍሲ 3168 ግን ተግባራዊ መውጫ ትቶ ነበር፦ በኢሲኤን የላከው ሲን መልስ ካጣ ወይም ሪሴት ከመጣበት፣ ደንበኛው ቢቶቹን አጥፍቶ እንዲደግም ይፈቅዳል። ሊኑክስ 2.4 ይህን ፈቃድ አልተጠቀመበትም።

ሌላ መንገድ ያገኙም ነበሩ። የሊኑክስ ፓኬት ማጣሪያ የሆነው ኔትፊልተር ስሙ ኢሲኤን የሆነ ትንሽ ሞጁል ተጨመረለት፤ ሥራው ወደ ተመረጡ አድራሻዎች የሚሄዱ ፓኬቶችን የቲሲፒ ኢሲኤን ቢቶች ማጥፋት ነው። ለማይሰሙት ድረ ገጾች ብቻ ኢሲኤንን ታጠፋለህ፣ ለቀረው ዓለም አብርተህ ትተዋለህ። ይህን ሞጁል እወደዋለሁ። ከሳሽም ተከሳሽም ሳይል ሰውየው ኢሜይሉን እንዲያነብ ያደርገዋል።

እኔ ወዴት እንደማደላ ልናገር። ዴቪድ ሚለር በሐሳቡ ትክክል ነበር። የገንቢዎቹን ዝርዝር በኢሲኤን ማስኬዱም ተገቢ ነበር፤ እዚያ ያሉት ነገሩን የሚረዱና ለመሥሪያ ቤታቸው መናገር የሚችሉ ሰዎች ናቸውና። ለተራው ተጠቃሚ ግን ያው አቋም አይሆንም። ኢሜይሉ ያልተከፈተለት ሰው የማያውቀው ድርጅት ያስቀመጠውን የማያየውን ዕቃ ሊያስተካክል አይችልም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሊኑክስን ይተወዋል ወይም አማራጩን ያጠፋዋል፤ ዳግመኛም አያበራውም።

የሆነውም ይህ ነው። በ2000 በተደረገ ልኬት ከተፈተኑት የድረ ገጽ ሰርቨሮች ከአሥሩ አንድ የሚጠጉት ኢሲኤን ላለው ሲን በራቸውን ዘግተው ነበር። በ2004 ቁጥሩ ወርዶ ከመቶ አንድ ገደማ ሆኗል። ፋየርዎል ሠሪዎች አስተካክለዋል፣ ዕቃዎች ተቀይረዋል፤ ጫናው ሠርቷል። ግን በዚያው በ2004 ልኬት ኢሲኤንን እሺ ብለው የሚመልሱት ሰርቨሮች ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚገባ ሰው ጠፋ። ስሙ አንዴ ጠፍቶ ነበር፤ «ኢሲኤን ካበራህ ኢንተርኔት ይቋረጥብሃል» የሚለው ምክር ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ከመመሪያ ወደ መመሪያ ሲገለበጥ ኖረ። በ2.6 ዘመን የኮምፓይሉ አማራጭ ቀርቶ በፕሮክ ሥር ያለችው ፋይል ብቻ ስትቀር መነሻ ዋጋዋ 0 ሆነ።

ቁጥር ሁለት

ነገሩን የፈታው በ2009 የመጣ ትንሽ ለውጥ ነው፤ በ2.6.31 ከርነል ውስጥ ገባ። ያቺ ፋይል እስከዚያ 0 ወይም 1 ብቻ ትይዝ ነበር፦ ጠፍቷል ወይም በርቷል። ኢልፖ ያርቪነን የጻፈው ለውጥ 2 የሚል ዋጋ ጨመረ፣ መነሻ ዋጋም አደረገው። ትርጉሙ «ከኔ ተነሥቼ አልጠይቅም፤ የጠየቀኝን ግን እሺ እላለሁ» ነው።

ይህን ልብ ብለን እንየው፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ክርክሩ «ይብራ ወይስ ይጥፋ» የሚል ነበር። ግንኙነት ግን ሁለት ወገን አለው፤ የሚጠይቅና የሚመልስ። አደጋው ያለው የመጀመሪያውን ሲን በሚልከው፣ በጠያቂው ላይ ብቻ ነው። የጠያቂው ሲን ሰርቨሩ ጋ ከነቢቶቹ ከደረሰ ግን በመንገዱ ላይ የሚጥል በረኛ እንደሌለ ራሱ ማስረጃ ነው። ስለዚህ እሺ ብሎ መመለስ ማንንም አያቋርጥም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ያለ የሊኑክስ ሰርቨር ሁሉ ባለቤቱ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ ከርነሉን ባደሰ ቀን፣ ኢሲኤንን የሚችል ይሆናል። ጠያቂዎቹ ይምጡ እስኪባል ድረስ መላሾቹ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

ይህ ሐሳብ በ2001ም ሊታሰብ የሚችል ነበር፤ የሚያስፈልገው ኮድ ጥቂት መስመር ነው። ባለመታሰቡ ከልብ ይቆጨኛል። የምርጫ ዝርዝሩ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ስለሚል ይመስለኛል አእምሯችንም በዚያ ልክ የተቆረጠው።

ከአምስት ዓመት በኋላ በ2014 ሚሊዮን ታዋቂ ድረ ገጾች ሲለኩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በኢሲኤን ለመጣ ጥያቄ እሺ ይሉ ነበር። ከመቶ ሁለት ወደ ግማሽ በላይ፤ አብዛኞቹ ባለቤቶች ኢሲኤን የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሳይሰሙ። በጁን 2015 አፕል በአዲሶቹ የአይፎንና የማክ ሲስተሞቹ ላይ ኢሲኤንን ከጠያቂው ወገን እንደሚያበራ አስታወቀ፤ መላሾች መዘጋጀታቸው ባይኖር ኖሮ ማንም ትልቅ ድርጅት ይህን ለመድፈር ምክንያት አይኖረውም ነበር። በዚያው ዓመት ሊኑክስም አርኤፍሲ 3168 የፈቀደውን ሁለተኛ ሙከራ ተቀበለ፤ ሲን መልስ ካጣ ቢቶቹ ጠፍተው ይደገማል፤ ይህም ከመነሻው የበራ ነው። በቨርቹዋል ማሽኖቼ ላይ ያየሁት የአንድ ሰከንድ ዝምታ እሱ ነው። ለሪሴት ግን ዛሬም አይደግምም፤ የድሮው ክርክር እዚያ ላይ ጸንቶ ቆሟል፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ዛሬ ከርነልህ ላይ ለማየት በፕሮክ ሥር ሲስ፣ ኔት፣ አይፒቪ4 እያልክ ወርደህ ቲሲፒ_ኢሲኤን የምትባለውን ፋይል አንብባት፤ ካልነካሃት አብዛኛውን ጊዜ 2 ትልሃለች። ወደ 1 ቀይረህ ለጥቂት ቀን ሞክራት፤ ከተመቸህ ተዋት። ፋየርዎል የምታስተዳድር ከሆነ ደግሞ የተያዙ ቢቶችን የሚነካ መስመር እንዳለህ ፈልግ፤ ካለህ፣ ማን ለምን እንደጻፋት ጠይቅና አውጣት።

ይህን አሁን የምለው ለታሪክ አይደለም። ከስድስቱ የተያዙ ቢቶች ሁለቱን ኢሲኤን ወሰደ። ሦስተኛዋ በ2003 በአርኤፍሲ 3540 ለሌላ ሙከራ ተሰጥታ ነበር፤ ሙከራው ሳይሠራበት ቀርቶ በ2018 ተነጠቀች። ዛሬ ያቺው ቢት ኢሲኤን መጨናነቁን በቁጥር ጭምር እንዲመልስ ለሚያደርገው አዲስ አሠራር ተመድባለች። ያን አሠራር የሚጠይቅ ሲን ሦስቱንም ቢቶች አብርቶ ይወጣል፤ ከመሥሪያ ቤትህ ፋየርዎል ፊት ቆሞም ያንኑ የ2001ን ጥያቄ ይጠይቃል።